ውሃ ያልጠጣ አርማታ

ባለፈው ሳምንት እዚህ አዘዞ ጎረቤታችን አዲስ ያሠራው የውሃ ማጠራቀሚያ ተሰነጠቀ። ሰዉ ተሰብስቦ አንዱ ሲሚንቶው ተሰርቆ ነው ይላል፣ ሌላው አሸዋው አፈር በዝቶበት ነው ይላል፣ ግንበኛው ሰክሮ ነው ያለም አልጠፋም። እኔ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ቁጢጥ ብዬ ስንጥቁን በጥፍሬ እየተከተልኩ አየሁት። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ኢንጂነር የሆንሽው?» አለኝ ባለቤቴ ከኋላዬ። ሁሉም ሳቁብኝ። እውነቱን ነው፤ የእኔ ሙያ ምግብ ማብሰል ነው። ግን የተሰነጠቀ ነገር ካየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም፤ ይህን አመል ያመጣሁት ከካርቱም ነው።

ያኔ ሃያዎቹን ገና ማጋመሴ ነበር። ደቡቡ ከሱዳን ከተለየ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሳጃና በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ በየሕንፃ ሥራው ለሚውሉ ያገራችን ሰዎች ምሳ እየሠራሁ አደርስ ነበር። በሁዳዴ ሽሮና ምስር፣ አንዳንዴ ሥራው ሲበዛብኝ ከመንገድ ዳር ፉል ገዝቼ በሽንኩርትና በቃሪያ አሰማምሬው። ምሳ ዕቃዎቼን በሁለት ዘንቢል ሞልቼ ሃፍላ እሳፈራለሁ፤ ሃፍላ የምንለው ሚኒባሱን ነው። ረዳቱ ዘንቢሌን እያየ «ያ ሐበሺያ፣ ዛሬስ ምንድነው?» ይለኛል፤ እኔም ክዳኑን ገልጬ አስሸትተዋለሁ። በዚያ ሙቀት የበርበሬ ሽታ መኪናውን ሞልቶት እንዴት እንዳላባረሩኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከደንበኞቼ ሁሉ የምሳሳላቸው ጋሽ አስናቀ ነበሩ። እዚያው ሳጃና በአንድ ግቢ ነበር የምንኖረው። ካርቱም ሃያ ዓመት ገደማ አርማታ ሲሠሩ የኖሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማይወዱ ሰው ናቸው። ያን ሁሉ ዓመት የሠሩት ግን በሌላ ሰው ስም ነው። ሙቃውሉ፣ ማለት ኮንትራክተሩ፣ ሥራውን ይይዛል፤ እሳቸው ያቦካሉ፣ ፌሮ ያስራሉ፣ ይሞላሉ፤ ሲያምር የእሱ ሥራ ነው፣ ሲበላሽ የእሳቸው ጥፋት። በዚያ ዓመት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ስም ሥራ ያዙ፤ ጀሪፍ፣ ከጥቁር ዓባይ አጠገብ፣ አንድ ግቢ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ። «ይህ ካማረ ከእንግዲህ የራሴ ሰው ነኝ» አሉኝ አንድ ቀን ምስር እየጠቀለሉ። «ከተበላሸ ግን ሁለተኛ የሚያምነኝ የለም። ተመልሶ የሰው አሸዋ ማቡካት ነው።»

የግቢው ባለቤት ኡስታዛ ኢህሳን ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ጀሪፍ ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ልጅ ይወስዳል። እሳቸውም ካስተማሯቸው ልጆች የተወሰዱባቸው አሉ። ስለዚህ በግቢያቸው አጥር ውስጥ ገንዳ አሠርተው የሰፈሩን ሴቶች ልጆች ዋና ላስተምር ብለው ተነሱ። ዘመድ ሁሉ ሳቀባቸው። ወንድማቸው ራሱ ሙቃውል ስለሆነ ሥራውን ለእኔ ስጪኝ ብሎ ነበር፤ እሳቸው ግን ከዚያ በፊት የወጥ ቤታቸውን ወለል ለሠሩላቸው ለጋሽ አስናቀ ሰጡት። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ «ይህ ሰውዬ ሲሠራ አያወራም» አሉ ይባላል።

አርማታ ከተሞላ በኋላ ውሃ መጠጣት አለበት። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። እርጥብ ኬሻ ያለብሱታል፣ ኬሻው ሳይደርቅ ደጋግመው ያርከፈክፉበታል፣ ጠንክሮ እስኪችል ድረስ እንደ አራስ ይጠበቃል። በካርቱም ሚያዝያ፣ ልብስ አስጥተሽ ሳትጨርሺ የመጀመሪያው በሚደርቅበት አገር፣ አርማታ ውሃ ማጠጣት ማለት ቀላል ነገር አይደለም። የገንዳው ጥበቃ ዐም እድሪስ፣ ዐም በእኛ ጋሼ እንደማለት ነው፣ እዚያው ግቢ ነው የሚያድሩት። ዓርብ የሱዳኖቹ ዕረፍት ስለሆነ የኛ ሰዎች ያጠጣሉ፤ እሑድ የኛ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄዱ ዐም እድሪስ ያጠጣሉ። ማንም ለማንም እንዲህ እናድርግ ብሎ አያውቅም፤ ነገሩ በራሱ የመጣ ልማድ ነው።

የመጨረሻው ክፍል፣ የጥልቁ ወገን ወለልና ግድግዳ፣ የተሞላው ሐሙስ ነበር። በማግስቱ ስቅለት ነው። የኛ ሰዎች ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ስንሰግድ ዋልን። ዐም እድሪስ ደግሞ ዓርብ የሐበሾቹ ተራ ነው ብለው ከጁምዓ ሶላት በኋላ ዘመድ ሰርግ ኦምዱርማን ሄዱ። ጋሽ አስናቀ በበኩላቸው፣ ሰውዬው እዚያው ነዋሪ ናቸው፣ አለመምጣታችንን ሲያዩ ያጠጣሉ ብለው ነበር። በዚያ ቀን አሸዋ ያዘለ ደረቅ ነፋስ ከተማውን ሲገርፈው ዋለ።

ቅዳሜ ጠዋት ድስቶቼን ለበዓሉ ልሰብስብ ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ። ጋሽ አስናቀ የኬሻውን ጫፍ ያዝ አደረጉና አነሱት። እንደ ቋንጣ ደርቆ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቱቦውን አምጥተው አርማታው ላይ ውሃ ለቀቁበት። ቀጥሎ ያየሁት ነገር ነው እንግዲህ እስከ ዛሬ ቁጢጥ የሚያስብለኝ። ውሃው ከላይ ቶሎ ሲደርቅ ስንጥቆቹ ግን ውሃውን ይዘው ስለቀሩ፣ በነጣው አርማታ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመሮች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። ወለሉ ሁሉ የሸረሪት ድር ሆነ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ከሁሉም አንዱ የተለየ ነው፤ ከጥልቁ ወለል ተነስቶ ግድግዳውን ይዞ እስከ ወገቤ ወጥቷል፣ ጥፍሬም ይገባበታል።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ለምንድነው እንዲህ የረዘመው?»

«ዝም በይ እስቲ፣ ልጄ» አሉና ጠርዙ ላይ ቁጭ አሉ። በማግስቱ ትንሣኤ ነበር፤ ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ለምነው ለምነው አንድ ጉርሻ እንኳ አላስዋጧቸውም።

ሰኞ ዕለት ኡስታዛ ኢህሳን ከወንድማቸውና ሰልማ ከምትባል አንዲት ወጣት መሐንዲስ ጋር መጡ። ወንድምየው ከላይ ሆኖ ወደ ገንዳው አንዴ አየና «አፈሩ ነው!» አለ። «ይህ የጡብ አፈር ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። ከሥር መሬቱ እየሄደ ከላይ ብትለጥፉት ዋጋ የለውም። ይፈርሳል፣ ኸላስ!» ነገሩ ከባዶ የመጣ አልነበረም፤ ከግቢው ትንሽ ራቅ ብሎ በወንዙ ዳር የጡብ መተኮሻዎች ይጨሳሉ፣ አፈራቸውም ይኸው አፈር ነው። ኡስታዛ ኢህሳን ቶባቸውን፣ ያን የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ልብስ፣ ሰብሰብ አድርገው «ልጆች የማስገባበት ነው፤ ካልታመነ ይፍረስ» አሉ። ጋሽ አስናቀ ፊታቸው አመድ መሰለ።

ሰልማ ግን አልቸኮለችም። ወደ ገንዳው ወርዳ ስንጥቆቹን አንድ በአንድ ታያለች፣ ስማቸውን የምትጠይቅ ነው የምትመስለው። ወዲያው ወደድኳት። «ስንጥቅ ሁለት ዓይነት ነው» አለችኝ ከኋላዋ ቆሜ ሳፈጥ ብታየኝ። «አንዱ ተሰንጥቆ የጨረሰ ነው፣ እሱ ሞቷል፤ ይጠገናል። ሌላው አሁንም እየሄደ ያለ ነው። ሕያው ከሆነ ብትደፍኚውም ይቀደዳል።» ከዚያ ቀና ብላ ጋሽ አስናቀን በባለሙያ ማዕረግ ጠርታ ጠየቀቻቸው፤ «ኡስታ፣ ውሃ በደንብ ጠጥቶ ነበር?»

ጋሽ አስናቀ መሬት መሬት እያዩ «ጠጥቷል» አሉ። ሲዋሹ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ዐም እድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሰማይ ሰማይ ያዩ ጀመር።

ሰልማ ጄሶ በጠበጠችና በረጅሙ ስንጥቅ ላይ እዚህም እዚያም ለጠፈችበት። ስንጥቁ ከተንቀሳቀሰ ጄሶው መሐል ለመሐል ይሰነጠቃል፤ ካልተንቀሳቀሰ እንዳለ ይቆያል። እኔ በየቀኑ ምሳ ይዤ ስለምመጣ እንድጠብቅላት አደራ ሰጠችኝ። ሹመት የተሰጠኝ ያህል ነው የኮራሁት። ዘንቢሌን ሳላወርድ ነበር ወደ ገንዳው የምሮጠው፤ ሰዎቹ «ምሳውን አምጪ፣ ጄሶ አንበላም!» እያሉ ይጮኹብኛል።

አንድ ጠዋት ደርሼ ሳይ ከታች ያለው ጄሶ የለም። ወንድምየውም እዚያው ነበርና «አላልኳችሁም?» ብሎ እጁን አጨበጨበ። እኔ ግን ነገሩ አላማረኝም። ስንጥቁ ቢሄድ ኖሮ ጄሶው ከሁለት ነበር የሚከፈለው፤ ይኸኛው ከዳር ተቀርጥፎ ነው ያለቀው። ምሳ አድዬ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጬ ጠበቅኩ። ብዙም አልቆየሁ፣ የዐም እድሪስ ፍየል ጥልቅ ባልሆነው ወገን እየተንሸራተተች ገባች፣ ቀጥ ብላ ሄደች፣ ከላይ ያለውን ጄሶ መላስ ጀመረች። ዐም እድሪስን ጠርቼ ሳሳያቸው «ወላሂ፣ እዚህ ግቢ ከመጣን ወዲህ እኮ ነው አመሏ የከፋው» አሉ፤ ፍየሏ ታሰረች፣ ጄሶውም እንደገና ተለጠፈ።

ሰልማ ስትመለስ ጄሶዎቹ ሁሉ ደህና ነበሩ። እኔ ዘልዬ ልቅፋት ምንም አልቀረኝ፤ እሷ ግን ግንባሯን እንደቋጠረች ናት። «አሁን በጋ ነው» አለች። «ደረቅ መሬት ይተኛል። ክረምት ሲገባ ምን እንደሚሆን ጄሶ አይነግረኝም። ቶሎ ካልደረቀ፣ በደንብ ከጠጣ፣ ታዲያ ለምን ተሰነጠቀ? የሚቀረኝ መሬቱ ነው። መሬቱ ከሆነ ይፍረስ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?» የመጨረሻ ቃሏን በማግስቱ ልትሰጥ ተስማምተን ተለያየን።

ወደ ሳጃና ስንመለስ ከጋሽ አስናቀ ጋር አንድ ሃፍላ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሙቀቱ ወንበሩን እንደ ምጣድ አግሎታል። ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ስቅለት እንደነበረ ለምን አልነገሯትም?»

«የመጣሁ ዓመት» አሉ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ «አንድ ሙቃውል ዘንድ ነበርኩ። በዓላችን ነው፣ ሁለት ቀን ፍቀድልኝ አልኩት። ተማም፣ እንኳን አደረሰህ አለኝ። ስመለስ ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ሆዴን አመመኝ ነው የምለው። በገና ሆዴን ያመኛል፣ በጥምቀት ሆዴን ያመኛል። የሐበሻ ሆድ ደካማ ነው ብለው ያምናሉ።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ እሳቸውም ትንሽ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «አሁን አላጠጣሁም ካልኩ ገንዳው ይተርፋል፣ እኔ እባረራለሁ። አጠጣሁ ካልኩ ገንዳው ይፈርሳል።»

«ገንዳው ከፈረሰ እርስዎስ የት ይቀራሉ?»

ሳጃና ስንደርስ ዘንቢሌን ተቀብለውኝ ቀድመው ወረዱ።

በማግስቱ ሁሉም በተሰበሰቡበት ጋሽ አስናቀ ቆባቸውን አወለቁ። ዐረብኛቸው ለሥራ እንጂ ለእንዲህ ያለው ነገር አይሆንም፤ ቃሉን ፈልገው ፈልገው ነው የሚያወጡት። «ኡስታዛ፣ ዋሽቻለሁ። ከተሞላ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ውሃ አላየም። ዓርብ የኔ ተራ ነበር። በዓላችን ስለነበር ሄድኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም።»

«እኔም ሰርግ ሄጄ ነበር!» አሉ ዐም እድሪስ ከኋላ፣ ሲያፍኑት የሰነበቱት ነገር ይመስል።

ሰልማ በረጅሙ ተነፈሰች። «ቀኑን ሙሉ? በዚያ ነፋስ? ታዲያ ይህ ካልተሰነጠቀ ምን ይሰነጠቃል!» ወንድምየው ግን ቀድሟት ወደ እህቱ ዞረ። «ሰማሽ? ሥራሽን ጥሎ ሄዶ፣ አንቺኑ ዋሸሽ። ይውጣ!»

ኡስታዛ ኢህሳን ወንድማቸውን አላዩትም። ጋሽ አስናቀን ነበር የሚያዩት። «ዒዳችሁ ነበር?» አሉ።

«አዎ። ስቅለት ይባላል። የምናዝንበት ቀን ነው።»

«ስልኬ እጅህ ላይ አለ። ለምን አልነገርከኝም?» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ ነበረበት፤ ስለ አርማታው ግን አልነበረም። «እኔ ራሴ አጠጣው ነበር እኮ!»

ጋሽ አስናቀ ለስድብም ለመባረርም ተዘጋጅተው ነበር የመጡት። ለዚህ አልተዘጋጁም። ወደ አሸዋው ክምር ዞረው ቆሙ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፣ እኔም አለቀስኩ።

ሰልማ ከግድግዳው ውጭ እስከ መሠረቱ አስቆፍራ አየች፤ መሬቱ ከአርማታው አልሸሸም፣ አልወረደም። ረጅሙ ስንጥቅ በመሮ ተከፍቶ ተጸዳ፣ ተሞላ፣ ሌላውም ውሃ በማያስገባ ቅብ ተሸፈነ፤ በዚህ ጊዜ ኬሻው ለአንድ ሰዓት እንኳ አልደረቀም። ገንዳው ለሙከራ ሲሞላ ግን ውሃው በማግስቱ ጎድሎ ተገኘ። ወንድምየው ደግሞ እጁን አጨበጨበ። ሰልማ ባልዲ ውሃ ሞልታ ገንዳው ውስጥ ደረጃው ላይ አስቀመጠች፤ የባልዲው ውሃና የገንዳው ውሃ እኩል ቢጎድሉ የጠጣችው ፀሐይ ናት፣ ገንዳው ብቻ ቢጎድል ግን ያፈሳል ማለት ነው። እኩል ጎደሉ። እሷ ግን በዚያም አልረካችም፤ ረጅሙን ስንጥቅ በቀለም ልፈትነው አለች። ቀለም የለም። እኔ በቴርሞስ ካርካዴ፣ ያን ቀይ የአበባ ሻይ፣ ይዤ ነበር። «ይሆናል?» አልኳት። ዓይኗ በራ።

በስሪንጅ ቀድታ ውሃው ውስጥ ገብታ ስንጥቁ አጠገብ ቀስ አድርጋ ለቀቀችው። እንደ ደም የቀላው ካርካዴ ውሃውን ሲነካ አረንጓዴ ሆነ። ዐም እድሪስ «ቢስሚላህ!» ብለው ወደኋላ ሸሹ። ሰልማ እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ቆማ እየሳቀች፣ አዲስ ሲሚንቶ ኖራውን ለውሃው ስለሚለቅ ነው፣ ካርካዴ ኖራ ሲያገኝ ቀለሙን ይለውጣል አለችን። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የጠጣሁት ነገር እንዲህ ያለ ጉድ ይዟል ብዬ መች አስቤ አውቃለሁ? ሁላችንም ጠርዙ ላይ ተንበርክከን ያቺን አረንጓዴ ጭስ በዓይናችን ተከተልናት። ስንጥቁ የሚስብ ቢሆን ወደ ውስጥ ትገባ ነበር። እዚያው ቆየች፣ ቆየች፣ ከዚያ ዝም ብላ በውሃው ውስጥ ተበተነች። «ሞቷል» አለች ሰልማ፤ ጋሽ አስናቀም እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ወንዙ ሳይሞላ የሰፈሩ ልጆች ገንዳው ውስጥ ይንጫጩ ጀመር።

ዓመት ዞረ። ጋሽ አስናቀ በራሳቸው ስም ሌላ ሥራ አገኙ፤ ካላክላ፣ የአንድ ሱቅ ጣሪያ ሶሌታ። ከትንሣኤ በፊት ኡስታዛ ኢህሳን ደወሉልኝ። «ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ያ የሐዘን ጁምዓችሁ ዘንድሮ መቼ ነው የሚውለው?» ነገርኳቸው። ጋሽ አስናቀ የት እንደሚሠሩም ጠየቁኝ፤ እሱንም ነገርኳቸው።

ሶሌታው የተሞላው እንደገና የስቅለት ዋዜማ ነበር። ጋሽ አስናቀ በዚህ ጊዜ ለባለሱቁ በዓል ነው ብለው በግልጽ ተናግረዋል፤ ሰውዬውም አጠጣለሁ ብሏል። ቢሆንም በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ሲሰግዱ ዓይናቸው ደጅ ደጁን ሲያይ አየሁ። ማታ በተጨናነቀ ሃፍላ ካላክላ ወረድን። ኡስታዛ ኢህሳን ከሱቁ ፊት አንገረብ ላይ፣ በዚያ በገመድ አልጋ ላይ፣ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል። የቶባቸው ጫፍ እስከ ጉልበታቸው ረጥቧል፣ በሲሚንቶም ቆሽሿል። ዐም እድሪስ ጣሪያው ላይ ቱቦ ይዘው ቆመዋል፤ እሳቸው ከታች ሆነው «ከዚያ ጥግ ዘለልክ! ከዚያ ጥግ!» እያሉ ይቆጧቸዋል።

«ሰግዳችሁ ጨረሳችሁ?» አሉን።

ጋሽ አስናቀ መሰላሉን ወጡ። ኬሻውን ገለጥ አድርገው መዳፋቸውን አርማታው ላይ አስቀመጡና ቆዩ። ወርደው ሲመጡ፣ ቀኑን ሙሉ ሲሰግዱ የዋሉት ሰውዬ በኡስታዛ ኢህሳን ፊት አንዴ ደግሞ ጎንበስ አሉ።

«ተው፣ ያ አስናቀ፣ ተው!» አሉ እሳቸው እየደነገጡ። «ረጥቧል ወይ? እሱን ንገረኝ።»

«ረጥቧል፣ እመቤቴ።»

ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሳ እኛ ሐበሾቹ በመተማ በኩል ወጣን። ኡስታዛ ኢህሳን አልወጣም ብለው ጀሪፍ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ስልካቸው አንዳንዴ ይጠራል፣ አይነሳም፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይጠራም። በነገር ሁሉ ለምን ብዬ ስጠይቅ ኖሬአለሁ፤ ባለቤቴም የሚስቀው በዚሁ ነው። የማይገባኝ ነገር ግን አንድ ነው። ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ከተማ ስንኖር እኛ አልተናገርንም፣ እነሱም አልጠየቁም፤ የጠፋው ደግነት ሳይሆን መነጋገር ብቻ ነበር። አሁን የገንዳው ግድግዳ ቆሞ ይሁን ፈርሶ ማወቅ እፈልጋለሁ፣ አልዋሽም። አንድ ቀን ስልኩ ቢነሳ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ገንዳው አይሆንም። ኡስታዛ፣ ውሃ የሚያመጣልዎ ሰው አለ ወይ፣ እሱን ነው የምጠይቃቸው።